ፎርሙ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ሳምንት ሆነው

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የአንዲት የ14 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ልጄ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጣች። የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ሊሰጥ ስለሆነ ወላጅ ፈርሞ ይላክ ይላል። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ እስካሁን እዚያው ነው።

ልጄን ያገኘኋት በስንት ልፋት ነው። ከተጋባን በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ አልወለድኩም። የባለቤቴ ቤተሰቦች በአፋቸው ምንም ባይሉም በየሰርጉ፣ በየክርስትናው ዓይናቸው ሆዴ ላይ ነበር። ለቁልቢ ገብርኤል ተስዬ ነው የወለድኳት። ከእሷ በኋላም ሌላ አልተሰጠኝም።

ክትባቱ መካን ያደርጋል ሲባል መጀመሪያ የሰማሁት ጎረቤት ቡና ላይ ነው። ብዙም ቁም ነገር አላልኩትም። ኋላ ግን ቨርጂኒያ የምትኖረው የባለቤቴ እህት ቴሌግራም ላይ ሦስት ቪዲዮ ላከችልኝ። ቀጥላ ደግሞ «ይኸው ጥናቱ» ብላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ላከች፤ ክትባቱን የወሰዱ ሴቶች የማርገዝ ዕድላቸው ቀንሷል ይላል። አሜሪካ ያለ የሕፃናት ሐኪሞች ኮሌጅ አወጣው የተባለ መግለጫም አለበት። እንግዲህ እሷ እዚያው ሆና የምታየውን እኔ እዚህ ሆኜ ምን ልበል?

ያልተማርኩ አይደለሁም። አንድ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አእምሮዬን ክፍት አድርጌ፣ ግራና ቀኙን አይቼ እወስናለሁ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ልጄ ከተኛች በኋላ ስልኬን ይዤ እስከ ሰባት ሰዓት አነባለሁ። አንዱ ደህና ነው ይላል፣ አንዱ መርዝ ነው ይላል። ባነበብኩ ቁጥር ይብስብኛል። ትምህርት ቤት አንዲት ሲስተር መጥታ ወላጆችን አስረድታ ነበር፤ እኔ ግን ለሥራዋ የምትናገር መስሎኝ አልሄድኩም።

ባለቤቴን ስጠይቀው መጀመሪያ «ገና ልጅ ናት፣ ምን አስቸኮላቸው?» አለ። ስጨቀጭቀው ደግሞ «አንቺ ወስኚ፤ ግን አንድ ነገር ብትሆን እንዳታለቅሺብኝ» ብሎኝ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ።

የእናቴ እህት በዚሁ በሽታ ነው የሞተችው።

ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ እናት፣ ከሳሪስ

*

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ስለ ክትባት የተጻፈ መሰለኝ። በሁለተኛው ዓይኔ «ዓይናቸው ሆዴ ላይ ነበር» ያልሽው ላይ ቆመ። ስድስት ዓመት እንዲያ እየታየች የኖረች ሴት «መካን» የሚለውን ቃል እንደ ሌላው ሰው ሰምታ ልታልፈው አትችልም። ቃሉ አንድ ጊዜ አጥንትሽ ድረስ ገብቶ ወጥቷል። አሁን በልጅሽ በኩል ተመልሶ መጣ። ስለዚህ ማንም ተነስቶ «አሉባልታ ነው፣ ተዪው» ቢልሽ የማይቀልልሽ ለምን እንደሆነ ይገባኛል።

ግን እስኪ ልጠይቅሽ። ሌሊት ስልክሽ ላይ ስትፈልጊ ምን ብለሽ ነው የምትጽፊው? ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ እኔም ሞከርኩት። «የማህፀን በር ክትባት መካን ያደርጋል» ብዬ ስጽፍ ስልኬ የሚያስፈራውን ሁሉ ደርድሮ አመጣልኝ። ቀጥዬ «የማህፀን በር ክትባት የጎንዮሽ ጉዳት ጥናት» አልኩ፤ የመጣው ሌላ ነው። ስልክ አይመክርም፤ የጠየቅሽውን ነው የሚያቀብልሽ። በእንቅልፍ ሰዓት ፍርሃትሽን ጽፈሽ ስትልኪለት ፍርሃትሽን አብዝቶ ይመልስልሻል። አእምሮሽ ክፍት ነበር፤ ጥያቄሽ ግን መልሱን በሆዱ ይዞ ነበር የሚሄደው።

እዚህ ላይ ሙያሽ የሚያግዝሽ ይመስለኛል። ሒሳብ ሠራተኛ ነሽ። አንድ ሰው የአንድን ደረሰኝ ሦስት ኮፒ አምጥቶ «ሦስት ወጪ አለብኝ» ቢልሽ ትመዘግቢለታለሽ? አትመዘግቢለትም፤ ቁጥሩን አይተሽ «ይኼማ አንድ ነው» ትያለሽ። የባለቤትሽ እህት የላከችልሽን ሦስት ቪዲዮ እስኪ በዚህ ዓይን እያቸው። እያንዳንዱ ተናጋሪ «ጥናት አለ» ሲል የትኛውን ጥናት ነው የሚጠራው? ሦስቱም አንዱን ወረቀት የሚያነሱ ከሆነ እጅሽ ላይ ያለው አንድ ደረሰኝ ነው። ያኔ ሥራሽ ሦስት ቪዲዮ ማየቱ ይቀርና ያችን አንዷን ደረሰኝ ማጣራት ይሆናል።

ወረቀቱን በስሙ አልገለጽሽልኝም፤ አገላለጽሽን ሳየው ግን የማውቀው ይመስለኛል። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ፤ ራስሽ ስትፈልጊ እንዲቀናሽ።) በ2018 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ነው። ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 29 የሆኑ ሴቶችን መጠይቅ ተንትኖ፣ ክትባቱን የወሰዱት ካልወሰዱት ያነሰ አርግዘዋል አለ። የጻፈችው ሐኪም ሳትሆን የኢኮኖሚክስና የፋይናንስ መምህርት ነበረች። እሱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ቁጥር የሚያውቅ ሰው የሐኪምን ስህተት ሊያይ ይችላል፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ችግሩ ሌላ ነው። ከእነዚያ ሴቶች መካከል የወሊድ መከላከያ የሚወስዱት ስንት እንደሆኑ ሒሳቡ ውስጥ አልገባም። መውለድ ያልፈለገችና መውለድ ያቃታት ሴት በአንድ ዓምድ ተደመሩ። አንቺ ደግሞ የሁለቱን ልዩነት ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ። ያሳተመው ጆርናል ራሱ በ2019 ትንታኔው ከባድ ጉድለት አለበት ብሎ ጥናቱን ሰረዘው። የተሰረዘ ደረሰኝ ግን ቴሌግራም ላይ እንደ ደህናው ሲዞር ይኖራል፤ «ተሰርዟል» የሚለው ማኅተም አብሮት አይዞርም።

መግለጫው ደግሞ በስም ነው የሚያሳስተው። አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የሚባል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ትልቅ ማኅበር አለ፤ ክትባቱን ይመክራል። ሌላ ደግሞ «ኮሌጅ» የሚባል፣ አባላቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንሽ ማኅበር አለ። በ2016 ስለ ክትባቱ ስጋቱን በመግለጫ ያወጣው ይኼኛው ትንሹ ነው። ስማቸው ለጆሮ አንድ ስለሚመስል ብዙ ሰው «የአሜሪካ ሐኪሞች እንዲህ አሉ» ብሎ ያወራል። ትንሽ ስለሆነ ተሳስቷል አልልሽም። ማን እንደተናገረ ሳይታወቅ ሚዛን ላይ አይቀመጥም ነው የምልሽ።

ፍርሃቱ ከየት እንደተነሳም ልንገርሽ፤ ነገሩን ከሥሩ ውሃውን ከጥሩ ይባል የለ። በ2012 አውስትራሊያ ውስጥ የአንዲት የ16 ዓመት ልጅ ታሪክ በሕክምና መጽሔት ወጣ። ክትባቱን ከወሰደች በኋላ የወር አበባዋ ቆሞ ኦቫሪዋ (እንቁላል የሚያመርተው አካሏ) ያለ ዕድሜው ሥራ እንዳቆመ ሐኪሞቿ ጻፉ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ሐኪሞቹም ሊጠየቅ የሚገባውን ነው የጠየቁት። ግን ከክትባቱ በኋላ መሆኑና በክትባቱ ምክንያት መሆኑ ሁለት ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሕመም ክትባት ባልነበረበት ዘመንም በወጣት ሴቶች ላይ አልፎ አልፎ ይታይ ነበር። ለመለየት ብዙ ልጆችን ማየት ያስፈልጋል። በ2018 አሜሪካ ውስጥ ወደ 200,000 የሚጠጉ ልጃገረዶችና ወጣት ሴቶች መዝገብ ተፈተሸ። ከዚህ ክትባት በኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል ተብሎ የተገኘው አንድ ታማሚ ነው፤ ክትባቱን ከወሰዱት መካከል ሕመሙ በዝቶ አልተገኘም። አንድ ታሪክ ጥያቄ ይወልዳል፤ ለመልሱ ግን መዝገብ መገለጥ አለበት።

«ታዲያ አንቺስ የወደድሽውን ብቻ አልመረጥሽም ወይ?» ብትይኝ ደስ ይለኛል፤ ሌላውንም መሳቢያ እንክፈተው። ይጠቅማል የሚለው ወገን በምን ይናገራል? ስዊድን ውስጥ ወደ 1.67 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጃገረዶችና ሴቶች ለዓመታት ተከታትለው በ2020 የታተመው ጥናት፣ ከ17 ዓመታቸው በፊት ክትባቱን በወሰዱት ላይ የማህፀን በር ካንሰር በ88 በመቶ ቀንሶ አገኘው። ስኮትላንድ ከ2008 ጀምሮ በ12 እና በ13 ዓመታቸው ክትባቱን ሙሉ በሙሉ የወሰዱ ሴቶቿን መዝገብ ስታይ፣ በ2024 እንደታተመው፣ አንዲትም በዚህ ካንሰር የተያዘች አላገኘችም። ያንን የስኮትላንድ ጥናት ያነበብኩ ቀን ከወንበሬ ተነስቼ ውሃ እንደጠጣሁ አስታውሳለሁ። እኔም የማውቃት ሴት ነበረችኝ።

የማይባለውንም ልንገርሽ። ክንድ ያሳምማል፣ ያብጣል፤ አንዳንዴ ትኩሳትና ራስ ምታት ያመጣል። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች መርፌ ሲወጉ ራሳቸውን ስተው ሊወድቁ ይችላሉ፤ ለዚህ ነው ከተወጉ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጠው እንዲቆዩ የሚደረገው። ከባድ አለርጂ እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ይደርሳል፤ ግን ይደርሳል። ካንሰሩን ከሚያመጣው ኤችፒቪ ከሚባለው ቫይረስ ዓይነቶች ሁሉንም አይከላከልም፤ ቀድሞ የገባውንም አያስወጣም። ጃፓን ደግሞ በ2013 ከክትባቱ በኋላ ታመምን ያሉ ልጆች ሲበዙ መንግሥት «ውሰዱ» ብሎ መቀስቀሱን አቆመ። ከመቶ ሰባ ያህሉ ይወስዱት የነበረው ወርዶ ወርዶ ከአንድ በታች ሆነ። ናጎያ የምትባለው ከተማ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ ወጣት ሴቶቿን ሃያ አራት ዓይነት ምልክት ዘርዝራ ጠየቀች፤ ወደ 30,000 የሚጠጉት መለሱላት። የተከተቡትም ያልተከተቡትም ይታመሙ ነበር፤ ክትባቱ ለየት አድርጎ ያመጣው ሕመም አልታየም። መንግሥቱ ቅስቀሳውን መልሶ የጀመረው በ2022 ነው። በመሃል ዘጠኝ ዓመት አለፈ። የእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ልጃገረዶች አሁን አድገዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ብቀር ሐቀኛ አልሆንም። እኛ ስለ መርፌና ስለ መውለድ ስንጠራጠር ዝም ብለን አይደለም። በ2012 መጨረሻ እስራኤል ውስጥ አንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ቤተ እስራኤላውያን እናቶችን አቀረበ። ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዞ ሲጠባበቁም ሆነ እዚያ ከደረሱ በኋላ የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ በቅጡ ሳይነገራቸው እንደተሰጣቸው ተናገሩ። በቀጣዩ ወር የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር ውጤቱ በደንብ ካልገባት ሴት ላይ መርፌው እንዳይታደስ ለሐኪሞች ጻፈ። ከዓመታት በኋላ የመንግሥቱ ኦዲተር ማስገደድ ስለመኖሩ ማስረጃ አላገኘሁም አለ፤ እናቶቹ ግን የሚያስታውሱትን ያስታውሳሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ያ መርፌ ዴፖ ነበር፤ ዋና ሥራው እርግዝናን ማቆየት ነው፤ እሱም ሲተውት ቀስ ብሎ ይለቃል። የልጅሽ ክትባት ከዚያ ጋር አይዛመድም። ውስጡ ያለው የቫይረሱ ባዶ ቀፎ ነው፤ ሰውነት መልኩን አይቶ ጠላቱን እንዲለይ። ቢሆንም «ይነገረኝ፣ ሳይገባኝ አልፈርምም» ማለትሽ ያ ታሪክ ያስተማረን ነውና አታፍሪበት።

«እኛ ላይ ሊሞክሩብን ነው» የሚለውንም ቡና ላይ ሳትሰሚው አትቀሪም። አሜሪካ በ2006 ነው የጀመረችው፤ አውስትራሊያ በ2007፣ እንግሊዝ በ2008። የእኛ ጤና ሚኒስቴር ለ14 ዓመት ልጆች መስጠት የጀመረው በ2018 መጨረሻ፣ በእኛ 2011 ዓ.ም. ነው። ከእነሱ ልጆች አሥር ዓመት በላይ ዘግይተን ነው የደረስነው። እንዲያውም የባለቤትሽ እህት የምትኖርበት ቨርጂኒያ ከ2008 ጀምሮ ለሴት ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ክትባቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብታዋለች፤ ወላጅ አልፈልግም ማለት ይችላል። ሴት ልጅ ካላት ስትደውልላት ለክርክር ሳይሆን ለማወቅ ጠይቂያት፦ «እታለም፣ አንቺ ለልጅሽ ምን ወሰንሽ? ሐኪሟስ ምን አለሽ?» መልሷ ምንም ይሁን ምን ከቪዲዮው የተሻለ ነገር ታገኛለሽ፤ ቢያንስ የራሷን ፍርሃት ታውቂያለሽ።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። እውነቱን ልንገርሽና ከክትባቱ ይልቅ እሱ ያላት ዓረፍተ ነገር ናት እንቅልፍ የነሳችሽ ይመስለኛል። «አንቺ ወስኚ፤ ግን አንድ ነገር ብትሆን እንዳታለቅሺብኝ።» ውሳኔውን ለአንቺ ሰጠ፤ ጥፋቱንም አብሮ አሸከመሽ። ከዚህ በኋላ ብትፈርሚና ልጅሽ በሳምንቱ ብታተኩስ የፈረመችው እጅ የአንቺ ናት። ባትፈርሚና ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ብትታመም ግን ያን ጊዜ ማንም ይህን ፎርም አያስታውሰውም። አየሽ ሚዛኑ እንዴት እንደተንጋደደ? አለመፈረም ማለት አለመወሰን ስለሚመስል ወረቀቱ ቦርሳሽ ውስጥ ሲቆይ ይቀልሻል። አለመፈረምም ግን ውሳኔ ነው፤ ፊርማ የሌለበት ብቻ ነው። በአገራችን በዓመት ከ7,000 በላይ ሴቶች በዚህ ካንሰር እንደሚያዙ፣ ከ5,000 በላይ እንደሚሞቱ ይገመታል። በሴቶቻችን ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ደግሞ ማህፀንን የሚወስደው እሱ ነው፤ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ወይ ማህፀኑን ማውጣት ነው ወይ ጨረር።

«ገና ልጅ ናት» ያለውን ግን አታቃልዪው። የሱ ፍርሃት መካንነት አይመስለኝም። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ መሆኑን የሆነ ቦታ ሰምቶ፣ ይህን ከልጁ ጋር አብሮ ማሰብ ከብዶት ይሆናል። አባት ነው። ክትባቱ በልጅነት የሚሰጠው ከምንም ነገር በፊት ሲወሰድ ስለሚሠራ ነው፤ ልጅቷ አግብታ ስትወልድ የሚጠብቃትን ዛሬ መስጠት ማለት ነው። ይህን ግን ምንም ጥናት ብታነቢለት አይገባውም፤ በተረጋጋ ድምፅ ከአንቺ ሊሰማው ይገባል። ጥናት የሚመልሰው «ያማል ወይ? ይሠራል ወይ?» የሚለውን ነው። «ልጃችን አደገች ወይ?» የሚለውን የምትመልሱት ሁለታችሁ ናችሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቴሌቪዥኑ ሳይከፈት ብትይዢውስ? ሁለት ወረቀት አዘጋጂ። እያንዳንዳችሁ በጣም የምትፈሩትን አንድ ነገር ጻፉ፤ ከሥሩም «ምን ባይ፣ ምን ብሰማ ሐሳቤን እቀይራለሁ?» የሚለውን መልሱ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ከባድ ናት። እኔ ራሴ ለዚህ ደብዳቤ ስል ጻፍኳት። «በብዙ ሺህ ሴቶች መዝገብ ላይ የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ መውለድ ተስኗቸው ቢገኝ አትፈርሚ እላታለሁ» ብዬ ጻፍኩና ፈለግኩት። አላገኘሁትም። አንቺም ስትጽፊ «ምንም ቢመጣ አልቀይርም» የሚል መልስ ከመጣልሽ ማጣራትሽን ተዪውና ፍርሃትሽን ለአንድ ሰው አውሪው፤ ያኔ የሚያስፈልግሽ ማስረጃ ሳይሆን የሚሰማሽ ሰው ነው።

ቀጥሎ ያቺን ሲስተር አግኚያት። «ለሥራዋ ነው» ብለሽ መቅረትሽን ጽፈሽልኛል፤ በሐቀኝነትሽ አመሰግንሻለሁ። ግን ቪዲዮ የሚሠሩትም ተመልካች በበዛ ቁጥር የሚያገኙት ነገር አለ። ጥቅም ያለበትን ሁሉ ካስወጣሽ የምትሰሚው ሰው ላይቀርሽ ነው። የሁሉንም ስሚና ደረሰኙን ጠይቂ። በሠፈርሽ ጤና ጣቢያ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ሂጂና ጥያቄሽን ከወረቀት ላይ አንብቢላት፦ ይህ ክትባት የየትኛው ድርጅት ነው? ስንት ጊዜ ይወሰዳል? (የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ወዲህ ለዚህ ዕድሜ አንድ ጊዜም ይበቃል ይላል።) ልጄ ያላት አለርጂ ያግዳታል ወይ? ብትታመምብኝ ማን ጋ ልደውል? ይህ ቀን ቢያመልጠን መቼ ታገኛለች? ስትመልስልሽ «ይኼን አላውቅም፣ ልጠይቅልሽ» ካለች ይበልጥ እመኛት። ሁሉን የሚያውቅ ሰው ነው የሚያስፈራኝ።

ደግሞም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ስልክ አትክፈቺ። ይህችን ከልቤ ነው የምልሽ።

በደብዳቤሽ ውስጥ ያልሰማሁት የአንድ ሰው ድምፅ አለ። ልጅሽ ምን አለች? ወረቀቱን ያመጣችው እሷ ናት፤ ክንዱም የእሷ ነው። በ14 ዓመቷ ከጓደኞቿ የሰማችው ነገር አይጠፋም፤ ምናልባት አንቺ የፈራሽውን እሷም ሰምታ ለብቻዋ እየፈራች ይሆናል። ወይም እናቷ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወረቀት ደብቃ ስልኳ ላይ ስታፈጥ እያየች «ምን አግኝቶኝ ይሆን?» ብላ ይሆናል። እንጀራ ስትጋግሪ አጠገብሽ አስቀምጠሽ ጠይቂያት። ስለ አክስትሽም ንገሪያት፤ በምን እንደሞተች ቤታችሁ ውስጥ በስሙ ተጠርቶ ያውቃል?

የእኔን ሐሳብ ከፈለግሽ አልደብቅሽም፤ እኔ ብሆን እፈርማለሁ። ጠዋት ቁርስ አብልቼ እልካታለሁ፤ ከተወጋች በኋላም ቁጭ ብላ እንድትቆይ እነግራታለሁ። አንቺ ግን የእኔን ፊርማ አትፈርሚ። አይተሽ፣ ጠይቀሽ፣ «አሁን አልፈርምም» ካልሽም ከነምክንያቱ ጽፈሽ ቀን ቁረጪበትና መልሰሽ እዪው።

ስለ አክስትሽ የጻፍሽው አንዲት መስመር ናት፤ ለብቻዋ፣ ከታች። ደብዳቤውን ጨርሰሽ ትዝ ብሎሽ የጨመርሻት ትመስላለች። ዕድሜሽን አልነገርሽኝም፤ ከታሪክሽ ስገምት ግን ከሠላሳ አልፈሻል። ጤና ጣቢያ ለልጅሽ ልትጠይቂ ስትሄጂ ለራስሽም ጠይቂ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የማህፀን በር ምርመራ አለ፤ እንደ ኮምጣጤ ያለ ፈሳሽ ቀብተው በዓይን ያዩታል፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ለካንሰር የሚያደርስ ለውጥ ካለ ካንሰር ሳይሆን በፊት ይታከማል። ለመሆኑ ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?